ጥያቄና መልስ፦ ከሩቅ የሚቆም መኪና

ፖሊስ አሮጌዋን ቶዮታ ዲኤክሴን በሳተላይት ሊያቆማት ይችላል?

አይችልም። ካርቡሬተር ሳተላይት አይሰማም።

ከቨርጂኒያ የጻፉ አንባቢ፣ አዲስ መኪና ሁሉ የፖሊስ ማጥፊያ ሊገጠምለት ነው ሲባል ሰምተው «አሮጌ ልግዛ?» ይላሉ።

ወሬው የመጣው አሜሪካ በ2021 እ.ኤ.አ. ካወጣችው የመሠረተ ልማት ሕግ ነው። ሕጉ የሚለው መኪናው ራሱ የሰከረ ሾፌርን ይለይ ነው፤ ለፖሊስ የሚሰጥ ማጥፊያ የለበትም። አሮጌ ከገዙ ዋጋው ተስማምቶዎት ይሁን።

በ120 የሚበር መኪና ድንገት ቢጠፋ ሰው አይፈጅም?

ይፈጃል፤ የጄኔራል ሞተርስ የመኪና ክትትል አገልግሎት ኦንስታር ሞተር የማያጠፋውም ለዚህ ነው። ባለቤቱ ስርቆቱን ያመለክታል፤ ፖሊስ መኪናውን በዓይኑ አይቶ መንገዱ እንደማያሰጋ ሲያረጋግጥ የኩባንያው ኦፕሬተር ትእዛዝ ይልካል። ከዚያ በኋላ ሌባው ነዳጅ ቢረግጥ ምላሽ የለም፤ መሪና ፍሬኑ ግን ይሠራሉ። በጥቅምት 2009 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ቪሴሊያ ውስጥ የተዘረፈ ሸቭሮሌት ታሆ እንዲህ እየዘገመ ቆመ። ሌባው ወርዶ ሲሮጥ የሰው ግቢ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ገባ።

አንድ የአዲስ አበባ ባለ ቪትዝ ጂፒኤስ አስገጥመዋል። «ሾፌሬ ገቢ ሲያጓድል ከስልኬ አጠፋበታለሁ፤ ጥፋት አለው?»

እየሄደ ከሆነማ አለው እንጂ! ሪሌው፣ ማለትም ጂፒኤሱ የሚያዘው ማብሪያ ማጥፊያ፣ የነዳጅ ፓምፑን ሲቆርጥ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ሁለት ሦስቴ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ከኋላ ሲኖትራክ እየመጣ ያስቡት።

ደግሞስ የጂፒኤሱን የይለፍ ቃል ማን ያውቀዋል? ፖሊስን የሚፈራው ሁሉ ይህን አይጠይቅም። በ2010 እ.ኤ.አ. ኦስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ ከመኪና መሸጫ የተባረረ ሠራተኛ በባልደረባው የይለፍ ቃል ገብቶ ከመቶ በላይ የደንበኞችን መኪና አላስነሣ አሰኘ። መሸጫው መሣሪያውን ያስገጠመው ወርኀዊ ክፍያ ያጓደለ ደንበኛ መኪናው እንዳይነሣለት ነበር፤ ከፋይም ያልከፈለም እኩል ተቀጣ። የአንዳንዱ ጥሩምባ ባትሪ ካልተነቀለ አልቆም ብሎ ነበር። የእርስዎስ? ብዙዎቹ ርካሽ መሣሪያዎች ከፋብሪካ የሚወጡት በ123456 ነው፤ ገጣሚውም ሳይቀይረው ይሄዳል። ዛሬ ማታ ይቀይሩት።

ነገ ደግሞ መኪናዋን ወደ ሌላ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ይውሰዱ፤ ይህን ለወግ ያህል አልልም። ሪሌው ከነዳጅ ፓምፑ ተነሥቶ ወደ ሞተሪኖ መስመር ይዛወር። ያኔ ሞተሩ የጠፋ መኪና እንዳይነሣ ያደርጋል እንጂ የሚሄደውን አያቆምም። የገቢውን ነገር ከሾፌሩ ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት።

ባትሪ ብነቅል ጂፒኤሱ ይጠፋል?

አብዛኞቹ የራሳቸው ትንሽ ባትሪ አላቸው። ግን ለምን ፈለጉት?