መንገዱ ሲሰፋ የውሃ ቧንቧውን የማንሣት ወጪ የማን ነው?

ጥያቄ፦ የምሠራው በአንድ የውሃ አገልግሎት ድርጅት ነው። አውራ ጎዳናውን የሚያሰፋው መሥሪያ ቤት ዋናውን ቧንቧ በሙሉ በራሳችን ወጪ እንድናነሣ በደብዳቤ ጠይቆናል። የቧንቧው ከፊል በመንገዱ ወሰን ውስጥ በፈቃድ የተቀበረ ሲሆን፣ ቀሪው መንገዱ ሳይደርስበት ድርጅቱ በገዛው መሬት ላይ ይገኛል። ወጪውን መሸፈን ያለበት ማን ነው? በዚሁ አጋጣሚ ባለ 100 ሚሊ ሜትሩን ቧንቧ በባለ 200 ብንተካውስ?

መልስ፦ ቧንቧው አንድ ቢሆንም የተዘረጋው በሁለት የተለያዩ መብቶች ላይ ስለሆነ፣ ወጪውም ለሁለት ተከፍሎ መታየት አለበት። በብዙ አገሮች አሠራር፣ በመንገድ ወሰን ውስጥ በፈቃድ የተቀበረ መስመር መንገዱ ቦታውን ሲፈልገው በባለቤቱ ወጪ ይነሣል፤ ድርጅቱ ቀድሞ በያዘው መሬት ላይ ላለው ግን የሚከፍለው የመንገዱ ፕሮጀክት ነው። ስለዚህ ለደብዳቤው ከመመለሳችሁ በፊት የፈቃዱን ሰነድ፣ የመሬቱን የግዢ ውልና የመስመሩን ካርታ ከመዝገብ ቤት አውጡና ወሰኑ የሚያልፍበትን ነጥብ በመስክ አስለኩ።

ይህን መነሻ የየአገሩ ሕግ ሊለውጠው ስለሚችል የእናንተንም መመርመር ያስፈልጋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣችው የአውራ ጎዳና ሕግ፣ ክፍለ ግዛቶች መስመር ለማዛወር የከፈሉትን ወጪ ከፌዴራል ገንዘብ እንዲተካላቸው ፈቅዳለች። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ደንብ መሠረት፣ በትላልቅ የመንገድ ሥራዎች የመስመሩ ባለቤት ከተፈቀደው ወጪ 18 በመቶውን ይሸከማል።

ቧንቧውን ማሳደግ ትችላላችሁ፤ ፕሮጀክቱ ግን የሚከፍለው የነበረውን አገልግሎት ለመመለስ ብቻ ነው። ሆኖም ብዙ ድርጅቶች እዚህ ላይ ያለአግባብ ሲጎዱ ይታያል። ቁፋሮው፣ መልሶ መሙላቱና የውሃ ግፊት ሙከራው በባለ 100ውም ቢሆን የማይቀር ስለነበረ፣ የእናንተ ድርሻ ሊሆን የሚገባው ቧንቧው በመስፋቱ የተጨመረው ብቻ ነው፤ ይኸውም የቧንቧው፣ የመገጣጠሚያውና የቫልቩ የዋጋ ልዩነት፣ ጉድጓዱም መስፋት ካለበት የእርሱ ጭማሪ ነው። ለዚህ ሲባል ሁለት የወጪ ግምቶች አዘጋጁ፤ አንዱ በነበረው ልክ፣ ሌላው በአዲሱ። ከአሮጌው ቧንቧ የሚሸጥ ወይም የሚያገለግል ካለም ዋጋው ከክፍያው ላይ ይቀነሳል። ደንበኞች ውሃ እንዳያጡ የሚዘረጋውን ጊዜያዊ መስመር ከግምቱ አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እርሱ ነው።

ክርክሩ ሥራውን እንዲያዘገየው ግን አትፍቀዱ። ቦታው በጊዜ ካልተለቀቀለት ሥራ ተቋራጩ ለቆሙበት ማሽኖች ካሳ ይጠይቃል፤ የውሃ ሒሳቡንም ሆነ ግብሩን የሚከፍለው ያው ሕዝብ ስለሆነ፣ ይህ ኪሳራ በየትኛውም በኩል ቢመዘገብ በእርሱ ላይ መውደቁ ያሳዝነኛል። የቧንቧውን ትክክለኛ ቦታና ጥልቀት በመፈተሻ ጉድጓድ አስቀድሞ ማረጋገጥም ወጪውን ይመልሳል፤ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 በ71 የመንገድ ፕሮጀክቶች ላይ ባወጣው ጥናት፣ ከመሬት በታች ያሉ መስመሮችን አስቀድሞ ለመለየት የወጣ እያንዳንዱ ዶላር 4.62 ዶላር ማዳኑን አሳይቷል። በድርሻችሁ ላይ ካልተስማማችሁ፣ አንደኛው ወገን ለጊዜው እንዲከፍልና ልዩነቱ በኋላ በሽምግልና ወይም በፍርድ ቤት እንዲወሰን፣ የሁለቱንም መብት የሚያስጠብቅ ስምምነት ቁፋሮው ሳይጀመር በጽሑፍ ተፈራረሙ።