አምባላጌ ላይ የቶዜሊ ስም ምን ይሠራል? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ከማይጨው ወደ መቀሌ ስትሄዱ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወጥቶ አምባላጌን የሚሻገርበት በር አለ። ድሮ የታተመ የጣሊያን ካርታ ላይ «ፓሶ ቶዜሊ»፣ ማለትም የቶዜሊ በር፣ ተብሎ አየሁት ብዬ ብናገር ጥያቄው በዛ። እነሆ፦

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቶዜሊ ማን ነው?

ፒየትሮ ቶዜሊ የጣሊያን ሻለቃ ነበር። ከ2,000 በላይ ወታደር ይዞ አምባላጌ ላይ መሸገ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን አስካሪዎች፣ ማለት ለጣሊያን የተቀጠሩ የአገር ተወላጅ ወታደሮች ነበሩ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር ገጠመው። ፊታውራሪ ገበየሁ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ተኩስ እንደከፈቱ ይነገራል፤ እኔ ይህን ወሬ እወደዋለሁ። ቶዜሊ ረዳት ጦር ይደርስልኛል ብሎ ነበር፣ አልደረሰለትም። እዚያው ሞተ፤ ከጦሩ የተረፈው ጥቂት ነው። ዐድዋ የተደረገው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በተሸነፈ ሰው ስም በር ይጠራል እንዴ?

አሸናፊዎቹማ አልሰየሙትም! ጣሊያን በ40 ዓመቱ ተመልሶ መጣ፤ የካቲት 1928 ዓ.ም. አምባላጌን ያዘ፤ በሩንም በሟቹ ስም ጠራው። ዐድዋን ለመበቀል ለመጣ ጦር ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ጣርማበርስ «ሙሶሊኒ» ይባል ነበር የሚሉት እውነት ነው?

አዎ፣ «ፓሶ ሙሶሊኒ»። ከደብረ ሲና በላይ ያለው ዋሻም የነሱ ሥራ ነው። ዋሻው አለ፣ ስሙ ግን የለም።

ጥያቄ፦ «በር» እዚህ የቤት በር ነው?

ያው ነው። ተራራው የሚያሳልፍበትን ቦታ ሰው በር ይለዋል። ጣርማበርን ተመልከቱ፣ ሰሜን ተራራ ላይ ሳንቃበርን ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ቶዜሊ የሚለው ስም መቼ ቀረ?

ግንቦት 1933 ዓ.ም. የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን እዚያው አምባላጌ ላይ ለእንግሊዞች እጁን ሰጠ። የእንግሊዞቹ የጦርነት ዘገባም በሩን «ቶዜሊ» ነው የሚለው። ዛሬ ግን ሾፌሩን «ቶዜሊ ላይ አውርደኝ» ብትሉት «እሱ ደግሞ የት ነው?» ይላችኋል። አምባላጌ በሉት።

ጥያቄ፦ ፎቶ ለማንሳት አውቶቡሱ ይቆማል?

እንደ ሾፌሩ ጠባይ ነው። ጋቢ ያዙ፣ ይበርዳል።