ከባፋሎ ቦልት ልታመጪ ላሰብሽው እህቴ፦ ሪቤቱ ድልድዩን አይሻገርም

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ገብቼ ነው ያየሁት። ከድንበሩ ማዶ አሜሪካ ባለችው ባፋሎ የ2020 ቼቭሮሌት ቦልት የኤሌክትሪክ መኪና በ13 ሺህ የአሜሪካ ዶላር አግኝተሻል፣ ቶሮንቶ ደግሞ እሱን የመሰለ በ22 ሺህ የካናዳ ዶላር አይተሻል። "አምጥቼ ሳስመዘግበው መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሰጠውን የ5 ሺህ ዶላር ሪቤት (የዋጋ ድጎማ) አገኛለሁ ወይ? ያገኘ ሰው አለ ሲሉ ሰምቻለሁ" ነው ያልሽው። ከሥር ግማሹ "አዎ" ግማሹ "አይ" ብሎሻል። እኔ በ2019 ከዚያው ከባፋሎ ፕሪየስ አምጥቼ ነገሩን በገዛ ኪሴ ስለተማርኩት ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

አታገኚም።

ያ 5 ሺህ ዶላር አይዜቭ ከሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም የመጣ ነው። ሜይ 2019 ተጀመረ። ብሩ በገዢው እጅ አይገባም ነበር። ካናዳ ያለ ዲለር አዲስ መኪና ሲሸጥልሽ ከሂሳቡ ላይ ይቀንስልሽና በኋላ እሱ ራሱ ከመንግሥት ይቀበላል። አሠራሩ ይሄ ስለሆነ የባፋሎ ሻጭ ከካናዳ መንግሥት የሚቀበለው ነገር የለም፤ ያገለገለ መኪና ደግሞ መጀመሪያውንም አይገባበትም። የኔ ፕሪየስ ዓይነት ገመድ የማይሰካበት፣ ነዳጅና ባትሪ የሚያቀላቅል ሃይብሪድማ ሰባራ ሳንቲም አላገኘም፣ ነዳጅ ቢቆጥብም ባይቆጥብም። ጃንዋሪ 2025 ላይ ደግሞ በጀቱ አለቀ ተብሎ ፕሮግራሙ ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳና ሲወድቅ የሚኖር ነውና አዲስ ከዲለር የምትገዢ ከሆነ የምትፈርሚ ቀን ያለውን ትራንስፖርት ካናዳ ገጽ ላይ እዪ እንጂ ግሩፕ ላይ በሚወራው አትሂጂ። የኔንም ጨምሮ።

"ያገኘ ሰው አለ" ያሉሽ ምናልባት የድሮውን ይሆናል። ቶሮንቶ ያለችበት ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮ እስከ 14 ሺህ ዶላር ትሰጥ ነበር፤ ዳግ ፎርድ በ2018 የክፍለ ሀገሩ መሪ ሆነው ሲገቡ ሰረዙት። ኩቤክ ላገለገለ የኤሌክትሪክ መኪናም የከፈለችበት ጊዜ ነበር፣ ግን ለነዋሪዋ ነው። አሜሪካኖቹም ለአዲስ እስከ 7,500፣ ላገለገለ እስከ 4,000 ዶላር የታክስ ቅናሽ ነበራቸው፤ እሱም ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አበቃ። ባያበቃም መኪናው እዚያው አሜሪካ የሚነዳ መሆን ነበረበት። በሁለቱም በኩል በሩ ዝግ ነው።

ግን አንድ ሰው የማይነግርሽ ነገር አለ። ሪቤቱ እኮ ጠፍቶ አልቀረም፣ አንቺ በምታዪው ዋጋ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ቦልት አሜሪካ ውስጥ ለምን ረከሰ? ኩባንያው የ2023ቱን ሞዴል ዋጋ ቀነሰ፣ በ2023 የ7,500 ዶላሩ ቅናሽ ለቦልት እንደገና ተፈቀደ፣ አዲሱ መኪና 20 ሺህ ዶላር ገደማ ላይ ወረደ። አዲሱ በ20 ሺህ እየተገኘ የ2020ውን ማን በ20 ይገዛል? ስለዚህ 13 ሺህ ስትከፍዪ የአሜሪካን መንግሥት ሪቤት በተዘዋዋሪ እየበላሽ ነው። የካናዳውን ከላይ መጨመር ማለት ሁለት ጊዜ መጉረስ ነው፣ ማንም አይፈቅድልሽም።

አሁን ወደ ድንበሩ። እኔ ያኔ ኡበር እሠራ ነበር፣ የ2014 ፕሪየስ በ11 ሺህ የአሜሪካ ዶላር አገኘሁ። 50 ማይል በጋሎን ይላል። ወደ እኛ አቆጣጠር ስትለውጪው 235ን ለቁጥሩ ማካፈል ነው፣ 4.7 ሊትር በመቶ ኪሎ ሜትር ይመጣል። ለኡበር ከዚህ በላይ ምን አለ ብዬ አርብ ከሰዓት በአውቶቡስ ሄድኩ። ሻጩ ጊዜያዊ ታርጋ ለጥፎልኝ "ምንም ችግር የለም፣ ወረቀቱን ድልድዩ ላይ ታሳያለህ" አለኝ። ባፋሎን ከካናዳ የሚያገናኘው ድልድይ፣ ፒስ ብሪጅ፣ ደረስኩ። በአሜሪካ በኩል ያለው ሰውዬ ታይትሉን፣ አገር ቤት ሊብሬ የምንለውን ማለት ነው፣ ተቀበለኝና ገልበጥ አድርጎ አየው። ጀርባውን በእስክሪብቶ ጫፍ ጠቅ ጠቅ እያደረገ "ኤክስፖርቱን ማን ነው ያስመዘገበልህ?" አለኝ። ዲለሩ መሰለኝ አልኩት። ዲለሩ የት ነው አለኝ፣ እዚያው ባፋሎ አልኩት፣ በል ወደሱ ተመለስ አለኝ። ሰውዬው ትክክል ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚች ላይ ነው። መጀመሪያ የምትፈተኚው በካናዳ ጉምሩክ ሳይሆን መኪናው በሚወጣበት በአሜሪካ ጉምሩክ ነው። ዋናው ታይትል እነሱ ጋ ቢያንስ 72 ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለበት። ኤክስፖርቱም በሲስተም ተመዝግቦ ቁጥር ማውጣት አለበት፣ አይቲኤን ይሉታል። የካናዳ ሰው ይህን ራሱ አያስመዘግብም፣ አሜሪካ ያለ ወኪል ወይም ብሮከር ነው የሚያደርግልሽ። የኤክስፖርት ቢሮው ደግሞ ድልድዩ ክፍት በሆነ ሰዓት ሁሉ አይሠራም። መኪናዬን ባፋሎ አንድ የሐበሻ ልጅ ግቢ አቁሜ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ሰኞ ብሮከር ያዝኩ፣ ሐሙስ ተሻገርኩ። ሙሉ ሳምንት ሥራ የለም ማለት ነው። ሻጩ ባንክ ዕዳ ያለበት ከሆነ ደግሞ ታይትሉ በእጁ ስለማይኖር ሳምንታት ሊወስድብሽ ይችላል። ብር ከመላክሽ በፊት ታይትሉን በስሙ ይዞ ፎቶ ያንሳልሽ።

በካናዳ በኩል ቀለል ይላል። ፎርም 1 የሚባል ይሞላል፣ ቀረጥሽን ትከፍያለሽ፣ ከዚያ አርአይቪ የሚባለው ከውጭ የገቡ መኪኖችን የሚመዘግብ አካል አለ፣ ክፍያው ከ300 ዶላር በላይ ነው፣ ኢንስፔክሽኑን በ45 ቀን ውስጥ ትጨርሻለሽ። ሞዴሉ ትራንስፖርት ካናዳ ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ከመግዛትሽ በፊት ነው የምታዪው። የኔ መኪና የቀን መብራት አልበራ ብሎ ሜካኒክ ጋ ሄጄ አስከፈትኩት፤ ካናዳ ሞተር ስታስነሺ ራሱ የሚበራ የቀን መብራት ግዴታ ነው።

ሒሳቡን ላሳይሽ፣ ደብተሬ ላይ አለ። 11 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በጊዜው ምንዛሬ 14,520 የካናዳ ሆነ። ፕሪየሱ ጃፓን የተሠራ ነው፣ የሻሲ ቁጥሩ በ"ጄ" ይጀምራል፣ ስለዚህ 6.1 በመቶ ቀረጥ፣ 886 ዶላር። ኤሲ ስላለው ብቻ 100 ዶላር ኤክሳይዝ (ይሄ እስከ ዛሬ ያስቀኛል)። ድንበር ላይ 5 በመቶ ጂኤስቲ (የፌዴራሉ የሽያጭ ታክስ)፣ 775። ታርጋ ላወጣ ስሄድ የኦንታሪዮ 8 በመቶ፣ ወደ 1,240። አርአይቪ 350 ከታክሱ ጋር። ድምሩ 17,870 ገደማ። ቶሮንቶ የጠየቁኝ 17,500 ሲደመር 13 በመቶ ታክስ፣ 19,775 ነበር። 1,900 ዶላር ተረፈኝ ብዬ ደስ ሲለኝ ብሮከሩ፣ አውቶቡሱ፣ የሴፍቲ ምርመራው፣ መብራቱና የቀረብኝ የሳምንት ሥራ ጨርሰውት ከብዙ ግርግር በኋላ ጥቂት መቶ ዶላር ነው የቀረኝ። መኪናው ግን አልዋሸኝም፣ እስከ 2023 ነዳሁት።

የድሮ ሰዎች 2007ን ያነሱልሻል። እውነታቸውን ነው፣ ያኔ የካናዳ ዶላር ከአሜሪካው እኩል ሆኖ እንዲያውም በልጦት ሰው ሁሉ ለመኪና ድንበር ይሻገር ነበር። በዚያው ዓመት መንግሥት ኢኮአውቶ ብሎ ነዳጅ ለሚቆጥብ አዲስ መኪና ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ይሰጥ ነበር፣ በ2008 መጨረሻ አበቃ። ብዙ ነዳጅ በሚጠጡት ላይ የጫነው ግሪን ሌቪ የሚባል ታክስ ግን እስከ 4 ሺህ ዶላር ድረስ ከዚያ በኋላም ቆይቷል። የሚሰጡት ቶሎ ያልቃል፣ የሚወስዱት ይከርማል። ዛሬ አንድ የአሜሪካ ዶላር ስትገዢ 1.38 ገደማ ከሆነ በዚያን ጊዜ ሂሳብ አትመሪ።

አሁን ያንቺ ቦልት። መጀመሪያ፣ ቀረጡ። ሚቺጋን ነው የተሠራው፣ የሻሲ ቁጥሩ በ1 ይጀምራል። ድሮ ይሄ ጥሩ ዜና ነበር፣ የ6.1 በመቶው ጣጣ የለም ማለት ነበር። ግን ከኤፕሪል 9 ቀን 2025 ጀምሮ ካናዳ ለትራምፕ ታሪፍ መልስ ብላ በአሜሪካ መኪና ላይ 25 በመቶ ጫነች። ያንቺ 13 ሺህ በ1.38 ሲመነዘር 17,940 ይሆናል፤ 25ቱ በሙሉ ከወደቀበት 4,485 ይጨመራል፣ በዚያ ላይ 13 በመቶው፣ አርአይቪው፣ ብሮከሩ ሲደመር 26 ሺህ ይጠጋል። ቶሮንቶ ያየሽው 22 ሺህ ከነታክሱ 24,860 ነው። ታሪፉ ካልወደቀበት ደግሞ 21 ሺህ አካባቢ ታስገቢዋለሽ፣ ያ ጥሩ ትርፍ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በአንድ ጥያቄ ነው። የሻሲ ቁጥሩን ይዘሽ የካናዳ ጉምሩክ መረጃ መስመር ደውዪ፣ "ይሄ መኪና ዛሬ ብሻገር ስንት ይከፍላል?" በያቸው፣ የተናገረሽን ሰውና ቀኑን ጻፊ። ታሪፍ በፖለቲከኞች ስሜት የሚነሳና የሚወድቅ ነገር ስለሆነ የባለፈው ወር መልስ አይጠቅምሽም።

ሁለተኛ፣ ሪኮሉ፣ ኩባንያው ጉድለት ያለበትን መኪና ሊያስተካክል መልሶ የሚጠራበት ማለት ነው። ከ2017 እስከ 2022 የተሠሩ ቦልቶች በሙሉ ባትሪያቸው እሳት ሊነሳበት ይችላል ተብለው ተጠርተዋል። ባትሪው ከተቀየረ እንዲያውም ዕድለኛ ነሽ፣ በአሮጌ መኪና አዲስ ባትሪ ማለት ነው። ሪኮሉ ጨርሶ ካልተሠራለት ግን አርአይቪ ያልተሠራ ሪኮል የለበትም የሚል ደብዳቤ ስለሚፈልግ መኪናው እዚያው ይቀራል። ደብዳቤውን ሻጩ ያምጣ፣ አንቺ አትሩጪ።

ሦስተኛ፣ ቻርጅ መሰኪያውን ፎቶ አስልኪ። የ2020 ቦልት ላይ ፈጣን ቻርጅ አማራጭ ነበር፣ ለብቻው ተከፍሎ የሚገባ። ከላይ ካለው ክብ ሶኬት ሥር ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ ከሌለ መኪናው በፈጣን ቻርጀር አይሞላም። አፓርታማ ለምትኖሪ ሰው ያ መኪና መከራ ነው። 417 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚባለውም በሞቃት ቀን ነው፣ ጃንዋሪ ላይ ማሞቂያ ከፍተሽ ብዙ ቀንሺለት። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ፣ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ እሱም ኤሌክትሪክ ገብቶበታል፣ "እኛ እንኳ ብርድ የለብን" እያለ ይስቅብኛል።

ዋራንቲውንም ጠይቂ፤ አንዳንድ አምራች የአሜሪካውን እዚህ አያከብርም።

እኔ ብሆን ቅድሚያ ጉምሩክ እደውላለሁ። ታሪፉ አለበት ካሉኝ የቶሮንቶውን 22 ሺህ ወደ 21 ለማውረድ እከራከራለሁ፣ ባፋሎን እረሳለሁ። የለበትም ካሉሽ ኢንቦክስ አድርጊኝ፣ የኔን ብሮከር ስልክ እሰጥሻለሁ። እና አርብ ከሰዓት እንዳትሄጂ።