በስፔን ገጠር በብስክሌት፦ ጸጥ ያለ መንገድ ለሚፈልጉ ጥያቄና መልስ

ከቫሌንሲያ ከተማ ወጣ ብዬ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ከእነዚህ ውስጥ የአሥሩን ዓመት ቅዳሜና እሁድ ብስክሌት ወስዶታል፤ ባለቤቴም ይህን አልረሳችልኝም። «መኪና የማይበዛበት፣ ጥንታዊ መንደር የሚያሳይ መንገድ የሚፈልግ ይጠይቀኝ» ብዬ ነበርና ከጠበቅሁት በላይ ጥያቄ መጣ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከስቶክሆልም፦ ጋሼ፣ ብስክሌት የምነዳው ወደ ሥራ ስሄድ ብቻ ነው። ለጀማሪ የሚሆን አንድ መንገድ ቢመርጡልኝ?

ቪያ ቬርዴ ዴ ላ ሲየራን ያዝ። በደቡብ፣ በአንዳሉሲያ፣ ከፑዌርቶ ሴራኖ እስከ ኦልቬራ 36 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። «ቪያ ቬርዴ» አረንጓዴ መንገድ ማለት ነው፤ ባቡር የተወው መስመር ሐዲዱ ተነሥቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ሲለቀቅ እንዲህ ይሉታል። ሥራው በ1993 ተጀምሮ ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ3,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። የዚህኛው ታሪክ ግን ለየት ይላል፤ ባቡር የተወው ሳይሆን ጭራሽ ያልመጣበት ነው። በ1920ዎቹ ተራራው ተፈልፍሎ፣ ድልድዩ ተሠርቶ፣ የጣቢያ ቤቶቹ ሁሉ ቆመው ነበር፤ ገንዘቡ አለቀ፣ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት መጣ፣ አንድም ባቡር ሳያልፍበት ቀረ። 30 ዋሻና 4 ትላልቅ ድልድዮች ለአንተና ለእኔ ተረፉን።

ባቡር ዳገት አይወድም፤ ስለዚህ መንገዱ ለጉልበት የዋህ ነው። ከፑዌርቶ ሴራኖ ጀምር። ስትሄድ ሳይታወቅህ ይወጣል፣ ስትመለስ ይለቅሃል። የፊት መብራት እንዳትረሳ፤ ረጅሙ ዋሻ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከጠራራ ፀሐይ ገብተህ ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ መሬቱ አይታይህም፣ የሚሰማህ የጎማህ ድምፅና ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለመብራት ገብቼ ከግድግዳው ጋር ተሳስሜአለሁ። መሐል ላይ ሳፍራማጎን የሚባል ገደል አለ፤ ከአንዳሉሲያ ትላልቅ የጥንብ አንሳ መኖሪያዎች አንዱ ነው። ቁጭ ብለህ ወደ ላይ እያየህ ቂጣህን ብላ። ኦልቬራ ስትደርስ ነጫጭ ቤቶች ኮረብታውን ተጎናጽፈው፣ ከላይ ምሽጉና ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ቆመው ታያለህ።

ከለንደን፦ ስፔን ቱሪስት የሚርመሰመስባት አገር ናት ሲባል ነው የምሰማው። ይህ ሁሉ ጸጥታ ከየት መጣ?

ከሞተ ነገር ነው የመጣው። ባቡሩ ሞተ፣ የማዕድን ጉድጓዱ ሞተ፣ መንደሩ ራሱ ግማሽ ሞተ። ቱሪስቱ ባሕር ዳር ነው፤ ከባሕሩ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ግባና የቴሩኤልን አውራጃ እይ፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ዘጠኝ ሰው ያህል ብቻ ነው የሚኖረው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወጣቱ ወደ ማድሪድ፣ ወደ ባርሴሎና፣ ወደ ጀርመን ሄደ፤ ሽማግሌውና ውሻው ቀሩ።

እኔ ከሁሉም የምወደው መንገድ የዚህ ልጅ ነው። ኦሆስ ኔግሮስ ይባላል፤ ሲተረጎም «ጥቁር ዓይኖች» ነው። በዚያ ስም ከሚጠራው መንደር የብረት ማዕድን ወጣ፤ ወደ ሳጉንቶ ወደብ የሚያወርድ ባቡር ደግሞ አጠገቡ ነበር። ባለ ማዕድኖቹ ከባቡሩ ባለቤት ጋር በዋጋ ሳይስማሙ ቀሩና ምን አደረጉ? ከእርሱ ጎን ለጎን የራሳቸውን ሐዲድ ዘረጉ! ከ1907 እስከ 1972 ሠራ። ዛሬ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ከአገሪቱ አረንጓዴ መንገዶች ሁሉ ረጅሙ ነው።

ከቴሩኤል ተነሥታችሁ መጀመሪያ ወደ ኤስካንዶን ትወጣላችሁ፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ይሻገራል። ከዚያ ወዲያ እስከ ባሕሩ ድረስ በአብዛኛው ቁልቁለት ነው። ባራካስ ላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም፤ ነፋሱ ከፊት ከመጣ ቁልቁለቱም ዳገት ይሆናል። ሄሪካ ላይ በእስላማዊ የጡብ ጥበብ የተሠራውን የደወል ማማ እዩ፤ ናቫሃስ ላይ ከገደል የሚወርድ ፏፏቴ አለ። በሚያዝያ ከሄዳችሁ ሳጉንቶ ሳትደርሱ የብርቱካኑ አበባ ሽታ ይቀበላችኋል። ብርቱዎች በሁለት ቀን ይጨርሱታል። እኔ ሦስት እወስዳለሁ፤ ሦስተኛው ቀን ለምሳ ነው።

ከማድሪድ፦ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ ሊጠይቁኝ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ብስክሌት በወጣትነታቸው ይነዱ ነበር፤ አሁን ጉልበታቸው ዳገት አይችልም።

እንኳን ደኅና መጡ በይልኝ። እርሳቸውን ወደ ካስቲያ ቦይ ውሰጃቸው። 207 ኪሎ ሜትር የሚሆን የውሃ ቦይ ነው፤ በ1753 ተጀምሮ በ1849 አለቀ። የካስቲያን ስንዴ በጀልባ ጭኖ ወደ ሰሜኑ የስፔን ባሕር ዳርቻ ለማድረስ ነበር ሐሳቡ፤ ጀልባውን የሚጎትቱት ከዳር ዳር የሚሄዱ በቅሎዎች ነበሩ። አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሥራ ተጠናቀቀ በተባለ በአሥር ዓመቱ ገደማ ባቡር መጣና ከገበያ አወጣው። የበቅሎዎቹ መሄጃ ግን አለ፤ ዳርና ዳሩ ዛፍ ነው፣ ዝርግ ነው፣ መኪና አይገባበትም።

ከአላር ዴል ሬይ ብትነሡ ውሃው በሚፈስበት አቅጣጫ ወደ ፍሮሚስታ ትወርዳላችሁ፤ ሁለቱም ቦታ የባቡር ጣቢያ ስላለ አንዱ ላይ ወርዳችሁ ከሌላው መሳፈር ይቻላል። ለአባትሽ በሁለት ቀን ብትከፍሉት ይሻላል። ፍሮሚስታ ላይ አራት የውሃ በር በደረጃ መልክ ተደርድሮ ውሃውን 14 ሜትር ያህል ያወርደዋል። አባትሽን እዚያ አስቀምጫቸው፤ እንዴት ይሠራ እንደነበር ራሳቸው ያስረዱሻል፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን ሳያስረዳ አያልፍም። ከተማው ውስጥ ያለው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1066 እንደተጀመረ ይነገራል። ከጣሪያው ሥር የተቀረጹትን ትናንሽ ፊቶች ሳያዩ እንዳይሄዱ።

ከፍራንክፈርት፦ የምን ዓይነት ብስክሌትና ጎማ ያስፈልጋል?

ቀጭኑን የእሽቅድድም ጎማ ቤት ተወው። አብዛኛው ፒስታ መንገድ ነው፤ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ጎማ ይበቃል። የማስጠነቅቅህ ከኩርንችት ነው። አዎ፣ ያው የእኛው ኩርንችት! በልጅነታችን ባዶ እግራችንን የወጋን እሾህ እዚህም በእርሻው ዳር ተነጥፎ ይጠብቃል። አንድ መስከረም በቦዩ ዳር ሣሩ ላይ ለማረፍ ብስክሌቴን አምስት እርምጃ ገፋሁት፤ ሳነሣው ከፊተኛው ጎማ አራት፣ ከኋለኛው ሰባት ነቀልኩ። መጠገኛ ማጣበቂያዬ ለስድስት ቀዳዳ ነበር የሚበቃው። የቀረውን አስቡት፤ ስምንት ኪሎ ሜትር በእግር። በውስጡ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ያለበት፣ ካላማዳሪ የሌለው ጎማ ካለህ በጣም ጥሩ። ከሌለህ ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪና መንፊያ ያዝ። ጎሚስታ በየመንደሩ የለም።

ከሮም፦ በፀደይ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ግን ዐቢይ ጾም ነው። ገጠር ውስጥ ምን እበላለሁ?

ጥሩ ጥያቄ፤ የራሴም ችግር ነው። «ሲን ካርኔ»፣ ማለትም ያለ ሥጋ፣ ብለሽ ስታዢ ቱና ዓሣ ወይም የተከተፈ የአሳማ ሥጋ ከላዩ ይበተንልሻል፤ እነርሱ «ሃሞን» የሚሉትን የአሳማ ሥጋ ከሥጋ አይቆጥሩትም። ስለዚህ አንድ በአንድ ጥሪው፦ ሥጋ፣ ሃሞን፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ወተት የለበትም ብለሽ። የማያሳፍርሽ ቁርስ ቲማቲም የተፈጨበት ዳቦ በወይራ ዘይት ነው፤ በየባሩ አለ። ሽምብራ በስፒናች የምትወጂው ይመስለኛል። እነርሱም የራሳቸው የጾም ወጥ ሽምብራና ስፒናች አላቸው፤ ዓሣ ስለሚጨምሩበት ግን ጠይቂ። ሚጋስ የሚባለው የእረኞች ምግብ ደግሞ የደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የሚጠበስ ነው፤ በሌላ አነጋገር ዳቦ ፍርፍር። ያለ ቋሊማ አድርጉልኝ ካልሽ ቤትሽ የገባሽ ያህል ነው።

ሰዓቱን ግን ልመጂው። ምሳ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው፣ ራት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት አይታሰብም፣ ሱቁ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። አንድ ባር ብቻ ያለው መንደር ሰኞ ባሩ ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ የያዝሽው ኦቾሎኒ ራትሽ ነው።

ከዱባይ፦ እረፍት የማገኘው በሐምሌ ብቻ ነው። ይሆናል?

ለደቡቡ አይሆንም። አንተ ሙቀት ለምደህ ይሆናል፤ ነገር ግን በዱባይ በ40 ዲግሪ ዳገት አትወጣም። ከሀኤን ወደ ፑዌንቴ ሄኒል የሚሄደው የወይራ ዘይቱ መንገድ 128 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዘይት ይጭን በነበረው ባቡር ፋንታ ተተካ፣ በብረት ድልድዮቹ ላይ ማለፍም ደስ ይላል። በሀኤን አውራጃ ብቻ ከ60 ሚሊዮን በላይ የወይራ ዛፍ አለ፤ ግን የወይራ ዛፍ ጥላ ጥላ አይባልም። እርሱን ለጥቅምት አቆየው፤ ሱዌሮስ የምትባለውን ገደል ላይ የተሰቀለች ነጭ መንደር አትለፋት። በሐምሌ ከመጣህ ወደ ሰሜን ውጣ፣ ወይም ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥተህ እስከ አምስት ሰዓት ንዳ።

ከዋሽንግተን፦ የሳንቲያጎ የመንፈሳዊ ጉዞ መንገድስ? በብስክሌት ምስክር ወረቀት ይሰጣሉ?

ይሰጣሉ። በእግር የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር፣ በብስክሌት 200 ኪሎ ሜትር መጨረስ ይጠይቃል፤ በየደረሱበት የተጓዥ ደብተርዎ ላይ ማኅተም ያስመታሉ። ጸጥታ ፈልገው ከሆነ ግን ዋናው የፈረንሳዩ መንገድ በበጋ ሰልፍ ነው፤ እግረኛውን «ይቅርታ» እያሉ ማለፍ ያደክማል።

ከቴል አቪቭ፦ ውሻ እፈራለሁ።

የመንደሩን ውሻ አትፍሪ፤ ጩኸቱ ብቻ ነው። በጎቹን ከተኩላ የሚጠብቀው ማስቲን ግን ጥጃ የሚያህል ነው፤ በጎቹ የእርሱ ናቸው ብሎ ያምናል። መንጋ ስታዪ ውረጂ፣ ብስክሌቱን በአንቺና በውሻው መካከል አድርጊ፣ ዙሪያውን ቀስ ብለሽ እለፊ። አትሩጪ፣ ድንጋይም አታንሺ። እረኛው ካለ ሰላም በይው፤ ውሻው የጌታውን ድምፅ ሲሰማ ልቡ ይመለሳል።

ከብራስልስ፦ ጥቁር ሰው ብቻውን በዚያ ገጠር ሲሄድ ምን ይገጥመዋል? ሳትደብቅ ንገረን።

አልደብቅም። ያፈጥጣሉ። አደባባዩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ አራት ሽማግሌዎች ተቀምጠውበታል፤ ስትመጣ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። ቀድመህ «ብዌናስ» በል። ሁሉም በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ፣ ብስክሌቱ ስንት ብር ነው ይላሉ። ኢትዮጵያ ስትላቸው አንዱ ሯጮቹን ያነሣል። የገጠሩ ፖሊስ፣ ጓርዲያ ሲቪል፣ መታወቂያ ሊጠይቅ ይችላል፤ የውጭ ዜጋ መታወቂያ መያዝ በሕግ ግዴታው ነውና ፓስፖርትህን ወይም የመኖሪያ ፈቃድህን አትተው። እኔ በአሥር ዓመት አራት ጊዜ ተጠይቄአለሁ፤ አብረውኝ የሚነዱ ስፔናውያን ጓደኞቼ አንድም ጊዜ አልተጠየቁም። ከዚህ ወዲያ ሐተታ አያስፈልገውም።

ስለ ሕጉ ካነሣን፣ ከከተማ ውጭ የራስ ቁር ግዴታ ነው። መኪና ሲያልፍህ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል መራቅ አለበት፤ አብዛኛው ያከብረዋል።

ከሚላን፦ እኔ ብርቱ ነኝ፤ ከባዱን ንገረኝ።

እንግዲያው «ሞንታኛስ ባሲያስ»፣ ባዶዎቹ ተራሮች። ከቴሩኤል ተነሥቶ ወደ ቴሩኤል የሚመለስ ወደ 700 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዙር ነው፤ በጫካና በደጋ ሜዳ ያልፋል። ሌሊቱ በሰኔም ይበርዳል። አልባራሲን ላይ አንድ ቀን እረፍ፤ ቤቶቹ በቀይ ጀሶ የተለሰኑ፣ ወለሎቻቸው ወደ ላይ እየወጡ ወደ ጎዳናው የሚገፉ፣ ጣሪያ ከጣሪያ ሊነካካ የደረሰ ነው። ውሃ በየምንጩ አለ፤ «ኖ ፖታብሌ» የሚል ጽሑፍ ካየህ ግን አትጠጣ።

ከጄኔቫ፦ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ሁሌ ዝግ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ምን ይደረጋል?

ባሩ ውስጥ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብለህ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ አንድ ጎረቤት ጋ ነው። ከፍሮሚስታ ብዙም በማይርቅ አንድ መንደር ወደ አንዲት ሽርጥ ያገለደሙ አሮጊት ቤት አመለከቱኝ። የክንዴን ግማሽ የሚያህል የብረት ቁልፍ ይዘው ወጡና ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «የእንቅልፌ ሰዓት ነው፤ ራስህ ክፈት። ስትጨርስ ደጄ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ ሥር አድርገው» ብለው ገቡ። ውስጡ የሰም ሽታ ነበር፤ ከደወሉ ማማ ላይ ሽመላዎቹ አፋቸውን ሲያንቋቁ ይሰማል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቼ ቁልፉን ማሰሮው ሥር አደረግሁና ብስክሌቴን ሳነሣ የመስኮቱ መጋረጃ ነቅነቅ አለ። ለካ አልተኙም ነበር።