ልጆቼ፣ ውሃውን ለኩት

ልጆቼ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ድሬዳዋ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ስለካ ነው፣ ሜትር አውርጄ ውሃው ዛሬ ስንት ላይ እንዳለ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ በቃ ስራዬ ይሄ ነበር። አሁን ቲክቶክ ላይ "ቀጣዩ ጦርነት በውሃ ነው" ሲባል ትሰማላችሁ አይደል። እኔ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ቦኖ ላይ ፈረቃው መቼ እንደሚመጣ ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ የተነገረ ቀን ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ እየተጨዋወተ ይጠብቃል፣ ያልተነገረ ቀን ግን አብረው ያደጉ ጎረቤታሞች በዛው ጀሪካን ይማታሉ። ውሃው እኮ ሁለቱም ቀን ያው ትንሽ ነው።

የሃሮማያን ሃይቅ አስታውሱ። ያኔ ሐረር የምትጠጣው ከሱ ነበር፣ ገበሬው ጫቱን የሚያጠጣው ከሱ፣ ሁሉም የየራሱን ሞተር ተክሎ ይስባል፣ ከላይ ደግሞ ደለል ይሞላዋል፣ ድምሩ ስንት ደረሰ ብሎ ለሁሉም የሚናገር ሰው ግን እኔ አላየሁም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ያ ሁሉ ሃይቅ ደርቆ ሰውና ከብት በመሃሉ መሄድ ጀመረ፣ ያንን ሳይ አልቅሻለሁ። (አሁን ውሃው ተመልሷል፣ ተመስገን፣ ግን እንዳንዘናጋ።) ከዛ በኋላ ሐረር ከኛ ቆላ፣ ከድሬ ጃራ፣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ በፓምፕ የሚገፋ ውሃ መጠጣት ጀመረች።

አገርና አገርም ያው ነው። ህንድና ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1960 የኢንደስን ወንዝ ውሃ ለመካፈል ውል ተፈራረሙ፣ በ1965 እና በ1971 ተዋጉ፣ ውሉ ግን አልፈረሰም፣ የሁለቱም ኮሚሽነሮች እየተገናኙ የወንዙን መረጃ ይለዋወጡ ነበር። በ2025 ህንድ ውሉን አግጃለሁ ስትል በጣም የደነገጥኩት ለዚህ ነው፣ ታች ያለው ገበሬ ጎርፍ ይምጣበት ድርቅ ይምጣበት ቀድሞ የሚነግረው ሲጠፋ ሁሉንም ከላይ ባለው ሰው ላይ ነው የሚያላክከው።

እኛም ጋ ቅርብ ነው አቦ። ከሺኒሌ ወረድ ብሎ ሃዳጋላ ላይ የሚወጣ ውሃ ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲን ያጠጣል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ወንድም ወንድሙን ማጠጣት አለበት። ድሬም ሐረርም ጅቡቲም አይናቸውን የጣሉት ግን እዚሁ ቆላ ምድር ስር ያለው ላይ ነው፣ ሃሮማያ ሲጎድል በአይን ይታያል፣ እሱ ግን አይታይም።

ስለዚህ ውሃ የምትማሩ፣ ውሃ ቢሮ የገባችሁ ልጆች፣ መለካቱ ቢሰለቻችሁም አትተዉት፣ እኔም ወጣት ሆኜ ሰልችቶኛል። የለካችሁትንም መሳቢያ ውስጥ አትቆልፉት፣ ቦኖው ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ በኦሮምኛም በሶማልኛም በአማርኛም።