ኒው ስዊድንና ቤተ ክርስቲያኖቿ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ በደላዌር ወንዝ ዳር ስለነበረችው የስዊድን ቅኝ ግዛት፣ ስለ ኒው ስዊድን፣ ጠይቁኝ። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ በ1800ዎቹ ሚኒሶታ ከገቡት ስዊድኖች ጋር አታቀላቅሉብኝ።

ጥያቄ፦ በ1655 ሆላንዶች ቅኝ ግዛቱን ከወሰዱ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን እንዴት ቆየ?

መልስ፦ ጎሽ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ከ1638 ጀምሮ 17 ዓመት ብቻ ነው የራሳቸው መንግሥት የነበራቸው። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሆላንዶቹ አንድ የሉተራን ቄስ እንዲቀርላቸው ፈቀዱ፤ ላርስ ሎክ ቀረ። ሰውየው ቅዱስ አልነበረም። ሚስቱ ከሌላ ወንድ ጋር ጠፋችበት፤ ሁለተኛ ሲያገባ ደግሞ ሥርዓቱን ራሱ ለራሱ ፈጽሞ ተከሰሰ። ግን እስከ 1688፣ እስኪሞት ድረስ፣ አጥምቋል፣ አጋብቷል፣ ቀብሯል።

ከሱ በኋላ ምእመናኑ እነ ካርል ስፕሪንገር ከአሮጌ የስብከት መጽሐፍ እያነቡ ጉባኤውን አቆዩት። በ1693 ስፕሪንገር ወደ ስዊድን ደብዳቤ ጻፈ፦ ቄሶች፣ 12 መጽሐፍ ቅዱስ፣ 200 ካቴኪዝም (የሃይማኖት መማሪያ መጽሐፍ)፣ 200 የፊደል መማሪያ ላኩልን፣ የመጽሐፉን ዋጋ እንከፍላለን። የፊደሉን ነገር ልብ በሉ፤ ልጆቻቸው በስዊድንኛ እንዲያነቡ ነው የፈለጉት። ንጉሥ ካርል 11ኛ 3 ቄሶች ላከ፤ በ1697 ደረሱ። በ1699 ዊልሚንግተን ላይ ቅድስት ሥላሴ፣ በ1700 ፊላዴልፊያ ላይ ግሎሪያ ዴይ ተመረቁ። ሁለቱም ዛሬም ቆመዋል።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ያሉት ስዊድኖችስ?

መልስ፦ ኧረ በናታችሁ! ከላይ ያለውን አንብቡ።

አንድ አባል፦ ብዙዎቹ ሰፋሪዎች ፊንላንዳውያን ነበሩ እኮ።

ሌላ አባል፦ ፊንላንድ ያኔ በስዊድን ሥር ነበረች። ምን ለውጥ አለው?

የመጀመሪያው፦ ቋንቋው ነዋ! ቅዳሴው በስዊድንኛ ሲሆን ፊንላንድኛው ምን ዋጠው?

መልስ፦ እውነቱን ነው። አንዱን ቋንቋ ያቆየ መድረክ ሌላውን አላቆየም። በቃ፣ አትጨቃጨቁ።

ጥያቄ፦ ምጽዋ የመጡት የስዊድን ሚሲዮኖች እነሱ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። እነዚያ በ1866 ነው የመጡት። ሌላ ዘመን፣ ሌላ ማኅበር።

ጥያቄ፦ ለአካባቢው ነባር ሕዝብስ ሰብከዋል?

መልስ፦ ቄስ ዮሐንስ ካምፓኒዩስ የሉተርን ካቴኪዝም ወደ ሌናፔ ቋንቋ መልሷል። የታተመው በ1696 ስቶክሆልም፣ እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስዊድንኛው መቼ ጠፋ?

መልስ፦ ቀስ በቀስ። ወጣቱ ከሆላንዶች ቀጥለው አገሩን ከያዙት እንግሊዞች ጋር ይውላል፣ ይጋባል። ከስዊድን የተላኩት ቄሶች ራሳቸው በእንግሊዝኛ መስበክ ጀመሩ፤ በየሰፈሩ የአንግሊካን (የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን) ምእመናንም ያገለግሉ ነበር። የስዊድን ቤተ ክርስቲያንም እንደ አንግሊካኑ ጳጳሳት ስላሏት መቀራረቡ አላስቸገረም። የመጨረሻው ቄስ ኒልስ ኮሊን በ1770 መጥቶ በ1831 ሞተ። ምትክ አልተላከም። ግሎሪያ ዴይ በ1845 ከኤፒስኮፓል፣ ማለትም ከአሜሪካ አንግሊካን፣ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቀላቀለች።

ጥያቄ፦ በአጠቃላይ ቤተ ክርስቲያን ጠቅማለች ወይስ አልጠቀመችም?

መልስ፦ ለማን? መቼ? ጥያቄውን አስተካክለህ ተመለስ።