ጡረታ የወጣ መካኒክ በኢንተርኔት ምን ሠርቶ ሊያገኝ ይችላል ላልሽው

«አባቴ 60 ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ወጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ ነበሩ፣ አሁን ቤት ቁጭ ብለው ይጨነቃሉ፣ ዩቲዩብ ልክፈትላቸው ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው ልጄ፣ እኔም መካኒክ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው።

ገቢ አለው። ግን ከዩቲዩብ ክፍያ አትጠብቁ። ከማስታወቂያ ድርሻ ለማግኘት 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ይፈልጋል፣ ከዚያም በኋላ ሂሳቡ 100 ዶላር ካልሞላ ገንዘቡ አይላክም። እኔ ሰባት ወር ለፍቼ 300 ሰው እንኳን አልሞላልኝም። «በሳምንት 500 ዶላር እናሠራሃለን» ላሉኝ ሰዎችም ለሥልጠና ብዬ 6,000 ብር ከፍያለሁ። ያስተማሩኝ ሌላ ሰው ስለማስመዝገብ ብቻ ነበር። አባትሽን ከእንደዚህ ዓይነቱ ጠብቂያቸው።

እኔን ያበላኝ ቪዲዮው ሳይሆን ቪዲዮውን አይቶ የሚደውለው ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የነዳጅ መኪና የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው የሚገዛው አገር ውስጥ ያለውን አሮጌውን ነው። አሮጌ መኪና ደግሞ የሚያይለት ዓይን ይፈልጋል። የመጀመሪያ ቪዲዮዬን የልጅ ልጄ ነው የቀረጸችኝ፣ 40 ሰከንድ አትሞላም። የዘይቱን ክዳን ከፈትኩና ከሥሩ የተጋገረውን ማኪያቶ የመሰለ ነገር አሳየሁ። «ይሄን ካያችሁ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለት የሞተሩን ራስ ከታችኛው አካሉ ጋር የሚያሽገው፣ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ሳታስመረምሩ ብር እንዳትከፍሉ» አልኩ። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ለቀቅናት፣ በቃ።

ከዚያ አንድ ሰው ከአሜሪካ ደወለልኝ፣ እዚህ ላለ ወንድሙ ቪትስ ሊገዛለት ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሄድኩ። ሻጩ «ከትናንት ጀምሮ አልተነሳችም» አለኝ። ኮፈኑን አስከፍቼ ራዲያተሩን በእጄ ብነካው ሞቅ ብሏል። ምንም አልተናገርኩም፣ «ሻይ ልጠጣ» ብዬ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቼ ተመለስኩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ። ዘይት እየበላች ነበር፣ ቀድመው ያሞቋትም ይህ ጭስ እንዳይታይ ነው። ጭሱን ቀርጬ ላኩለት፣ ሰውየውም አልገዛም። ከዚያ ወዲህ እሱ ብቻ አሥራ አንድ ደንበኛ ልኮልኛል።

አሁን በወር ስድስት ሰባት መኪና አያለሁ፣ ለአንዱ 2,000 ብር። ሀብታም አያደርግም፣ ግን ከጡረታዬ ጋር ተደምሮ ልጆቼን ገንዘብ አልጠይቅም። ክፍያው ከመነሳቴ በፊት በቴሌብር ይገባል። በመጀመሪያ አፍሬ አልጠይቅም ነበር፣ ሁለት ጊዜ እስከ ሰሚት ድረስ በከንቱ ተመላልሻለሁ። ከሻጭና ከደላላ ግን አምስት ሳንቲም አልነካም። አንድ ቀን ተቀብለው ከተወራ የአባትሽ ስም ያልቃል፣ የሚሸጡት ደግሞ ያንኑ ስማቸውን ነው።

የሞተር ድምፅ ቀድተው በቴሌግራም የሚልኩልኝም አሉ፣ ጠዋት ሳይሞቅ አስነስተው ስልኩን ከሞተሩ ጋር አስጠግተው። ብዙውን ሰምቼ ወደ የትኛው ባለሙያ መሄድ እንዳለባቸው እነግራለሁ፣ ለዚህ የማስከፍለው ትንሽ ነው። ፍሬንና መሪን ግን በስልክ አልመልስም፣ አባትሽም እንዳይመልሱ አደራ። ሰው ይሞታል።

ካሜራ ልግዛ ወይ ላልሽው፣ አትግዢ፣ ስልካቸው ይበቃል። ደረታቸው ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ግን ግዢላቸው፣ ሞተሩ ሲነሳ ድምፃቸውን እንዳይውጠው።